የቢል ዊዘርስ ዘፈኖችና አብረውት የሠሩት ሙዚቀኞች፦ ያ ድምፅ የማን ነው?

የሸክላ ወዳጅ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለመድረኩ ተሳታፊዎች በሙሉ። የሶል ሙዚቃ ወሬ በተነሣ ቁጥር የቢል ዊዘርስ ስም ሳይጠራ አይቀርም፤ ነገር ግን ወሬው ብዙውን ጊዜ ሦስት አራት ዘፈኖችን አድንቆ ያበቃል። ዘፈኖቹን አብረውት የሠሩት ሰዎች እነማን እንደነበሩ፣ እያንዳንዳቸውም ምን ጨምረው ምን እንደተዉ ሲነገር እምብዛም አይሰማም። ይህን ክር የከፈትኩት ለዚህ ነው። «የቢል ዊዘርስ ድምፅ» የምንለው ነገር የራሱ የዊዘርስ ብቻ ነው ወይስ በየጊዜው አጠገቡ የተቀመጡት ሙዚቀኞች ሥራ ነው? (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

የራሴን አቋም ላስቀድም፤ ትልቁን ድርሻ የምሰጠው የመጀመሪያ አልበሙ ፕሮዲዩሰር ለነበረው ለቡከር ቲ. ጆንስ ነው። ዊዘርስ በ1938 በዌስት ቨርጂኒያ፣ ስላብ ፎርክ በምትባል የድንጋይ ከሰል መንደር ተወልዶ፣ ዘጠኝ ዓመት በአሜሪካ ባሕር ኃይል አገልግሎ ሎስ አንጀለስ ሲገባ በሙዚቃ የሚተዳደር ሰው አልነበረም። በአውሮፕላን ዕቃ ፋብሪካ ተቀጥሮ የመጸዳጃ ክፍሎችን ይሠራ ነበር፤ የናሙና ቅጂዎቹንም ያስቀዳው ከዚያው ከሚያገኘው ገንዘብ ቆጥቦ ነው። ቅጂው የሰሴክስ ሪከርድስ ባለቤት ከነበረው ከክላረንስ አቫንት እጅ ሲደርስ፣ አቫንት ፕሮዲዩሰር እንዲሆነው ቡከር ቲ.ን መረጠለት።

ቡከር ቲ. በሜምፊሱ የስታክስ ኩባንያ ያደገ ሰው ነውና ለሥራው የጠራው የራሱን ጓዶች ነው። ቤዝ ጊታሩን ዶናልድ «ደክ» ደን፣ ድራሙን አል ጃክሰን ይዘው መጡ፤ ጊታር ላይ ደግሞ ስቲፈን ስቲልስ ተቀመጠ። በአንዳንዶቹ ዘፈኖች ቤዙን ክሪስ ኤትሪጅ፣ ድራሙን ጂም ኬልትነር ተጫውተዋል። ቡከር ቲ. ራሱ ደጋግሞ የሚያወሳው ታሪክ አለ፤ ዊዘርስ ስቱዲዮ እንደደረሰ ለብቻው ጠርቶ እነዚህን ዘፈኖች የሚዘፍናቸው ማን እንደሆነ ጠየቀው። ሌላ ድምፃዊ የሚመጣ መስሎት ነበር። አንተ ነህ ሲባል ምን እንደተሰማው መገመት አያዳግትም።

እንዲህ ያለ ሰው ሲገኝ ፕሮዲዩሰሩ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ጉድለቱን በነሐስ መሣሪያዎችና በአጃቢ ድምፆች መሸፈን ሲሆን፣ ሌላው ባለሙያ አለመሆኑን እንደ ሀብት ቆጥሮ እንዳለ መተው ነው። ቡከር ቲ. ሁለተኛውን መረጠ። አልበሙ «ጀስት አዝ አይ ኤም» በ1971 ሲወጣ በሽፋኑ ላይ የሚታየው ሰውየው የምሳ ሣጥኑን ይዞ በሥራ ቦታው ቆሞ ነው፤ ሙዚቃውም ከሽፋኑ የተለየ አልነበረም። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ በዚህ ውሳኔ ላይ የተገነባ ነው ባይ ነኝ። የእናንተን ሐሳብ እጠብቃለሁ።

ባለ ድራሙ

የሸክላ ወዳጅ፣ ክሩን ስለከፈቱልን አመሰግናለሁ፤ በድምዳሜዎ ግን አልስማማም። ቡከር ቲ. ከዊዘርስ ጋር የሠራው አንድ አልበም ብቻ ነው። ይህንኑ አልበም ለመቅዳት እያንዳንዳቸው ሦስት ሰዓት የሚፈጁ አራት ቀጠሮዎች ቢታቀዱም፣ በገንዘብ ችግር ምክንያት ወደ ሦስት ዝቅ ብለው በሁለተኛውና በመጨረሻው መካከል ስድስት ወር አልፏል። በዚህ ዓይነት አጋጣሚ የተገናኙ ሰዎች፣ የቱንም ያህል ጎበዞች ቢሆኑ፣ አንድ ባንድ አይባሉም። ዊዘርስ ባንድ ያገኘው በ1972 «ስቲል ቢል»ን ሲሠራ ነው።

የዚያ አልበም ሙዚቀኞች የቻርልስ ራይት ከነበረው ከዋትስ 103ኛ ጎዳና ሪዝም ባንድ የመጡ ናቸው፤ «ኤክስፕረስ ዩርሰልፍ» በሚለው የ1970 ዘፈን የሚታወቀው ባንድ ማለቴ ነው። ጄምስ ጋድሰን ድራም፣ ሜልቪን ደንላፕ ቤዝ፣ ቤኖርስ ብላክመን ጊታር፣ ሬይ ጃክሰን ኪቦርድ ይጫወታሉ። ለዓመታት አብረው የተጫወቱ ስለሆኑ አንዱ የት ላይ እንደሚያርፍ ሌላው ሳያይ ያውቀዋል። በሸክላው ላይ የፕሮዲዩሰርነቱ ስም የተጻፈውም ለዊዘርስና ለእነሱ በጋራ ነው። ተከፍሎት ተጫውቶ የሚሄድ አጃቢ እንዲህ ያለ ክብር አያገኝም።

«ዩዝ ሚ»ን በጥሩ ማዳመጫ ስሙት። ዘፈኑ ከሞላ ጎደል በሁለት ኮርዶች (አንድ ላይ የሚሰሙ የድምፆች ስብስብ) ላይ ይመላለሳል፤ ስለዚህ ሰሚውን የሚያቆየው የኮርድ ለውጥ አይደለም። የጋድሰን ቀኝ እጅ ሃይ ሃቱን (የድራሙን ተጋጣሚ ሳህኖች) ሳያቋርጥ በስሱ ይመታል፤ አልፎ አልፎ ከፈት አድርጎ ወዲያው ይዘጋዋል። እግሩ ደግሞ ቤዝ ድራሙን የሚረግጠው ሰሚው በሚጠብቀው ቦታ ሳይሆን ከዚያ ትንሽ ቀደም ወይም ዘግየት ብሎ ነው። የሬይ ጃክሰን ክላቪኔት (የኤሌክትሪክ ኪቦርድ ዓይነት) በዚህ ምት ቀዳዳዎች ውስጥ ይገባል፤ የደንላፕ ቤዝም ክላቪኔቱ ዝም ባለበት ይመልሳል። ሁሉም እየተጫወቱ ማንም የማንንም ቦታ አይነካም። ዊዘርስ በዚህ ላይ ድምፁን ከፍ ማድረግ እንኳን ሳያስፈልገው፣ ተቀምጦ እንደሚያወራ ሰው ይዘፍናል።

ያው አልበም ላይ ያለው «ኪሲንግ ማይ ላቭ» የሚጀምረው በድራም ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሰከንዶች የሰማ ሁሉ ከዚያ በኋላ በሂፕ ሆፕ ውስጥ ደጋግሞ ሰምቷቸዋል። ጋድሰን በኋላ የማርቪን ጌይን የ1976 «አይ ዋንት ዩ»ን ተጫውቷል፤ በ2014 ደግሞ በዲአንጄሎ «ብላክ መሳያ» አልበም ላይ አለ። ያን ያህል ዘመን የተፈለገው ይህ እጅ ነው።

ስንኝ ቆጣሪ

ሁለታችሁም ስለ መሣሪያ እያወራችሁ ነው። እኔ ከግጥሙ በኩል ልምጣ፤ ምክንያቱም ዊዘርስን ከዘመኑ የሶል ድምፃውያን የለየው ዘፈኖቹን በአብዛኛው ራሱ መጻፉና የሚጽፍበት መንገድ ነው።

«ግራንድማስ ሃንድስ» ሁለት ደቂቃ ያህል ብቻ የሚፈጅ ዘፈን ነው። በዚያች አጭር ጊዜ ስለ አያቱ መልክ፣ ዕድሜ ወይም ስም አንድም ነገር አይነግረንም፤ የምናየው እጆቿን ብቻ ነው። እሑድ ጠዋት በቤተ ክርስቲያን ያጨበጭባሉ፣ ከበሮ ይመታሉ፣ አንዳንዴም ያብጡና ያማሉ፣ ልጁ ሲወድቅ ያነሡታል። ገጣሚ ነኝ የሚል ሰው ሁሉ ቢያጠናው የማይጎዳበት ቁጠባ ነው። እንዲህ የተጻፈን ነገር ማንኛውም ፕሮዲዩሰር ቢያገኘው ሊያበላሸው ይችል ነበር እንጂ ሊፈጥረው አይችልም።

ሆኖም የሸክላ ወዳጅ ሐሳብ የሚደገፍበት አንድ ማስረጃ አለ፤ እሱም «ኤይንት ኖ ሰንሻይን» ነው። ዊዘርስ ዘፈኑን ያሰበው ጃክ ሌመንና ሊ ሬሚክ የተወኑበትን፣ በመጠጥ ስለሚጠፉ ባልና ሚስት የሚናገረውን የ1962 ፊልም አይቶ ነው። ሦስተኛው ቤት ላይ ሲደርስ ግጥሙ አላለቀለትም፤ በኋላ እሞላዋለሁ ብሎ «አውቃለሁ» የሚለውን ቃል ይደጋግም ነበር። በስቱዲዮው የነበሩት ሙዚቀኞች ግን እንዳለ ተወው አሉት። ቃሉ 26 ጊዜ ይደጋገማል። ያንን ቦታ በጥሩ ስንኝ ሞልቶት ቢሆን ኖሮ ሌላ አንድ ያማረ የፍቅር ዘፈን ይኖረን ነበር፤ አሁን ያለን ግን ምን መሆን እንዳለበት እያወቀ ማድረግ ያቃተው ሰው ነው። እሺ ብሎ መተዉም የዊዘርስ ብልህነት መሆኑን አትርሱ። በፋብሪካ ሥራ ላይ ያለ፣ ገና ምንም ያላወጣ ሰው፣ እነሱ ያውቃሉ ብሎ ሐሳባቸውን ተቀበለ።

አዲስ አድማጭ

እጅግ ጥሩ ውይይት ነው። አንድ ነገር ብጠይቅስ፦ «ኤይንት ኖ ሰንሻይን» መጀመሪያ ለሕዝብ የቀረበው እንደ ዋና ዘፈን አልነበረም የሚባለው እውነት ነው? ቫዮሊኖቹስ የማን ሥራ ናቸው?

የሸክላ ወዳጅ

እውነት ነው። ኩባንያው ያቀረበው «ሃርለም»ን ነበር፤ «ኤይንት ኖ ሰንሻይን» የሸክላው ሁለተኛ ገጽ ላይ ነበረች። የሬዲዮ ሰዎች ሸክላውን ገልብጠው ማጫወት ጀመሩ፤ ዘፈኗም በአሜሪካ ሠንጠረዥ 3ኛ ደረጃ ደርሳ በ1972 የምርጥ አር ኤንድ ቢ ዘፈን የግራሚ ሽልማት አገኘች። ሽያጩ የወርቅ ደረጃ ሲደርስ ኩባንያው ለዊዘርስ የሰጠው ስጦታ በወርቅ ቀለም የተቀባ የመጸዳጃ መቀመጫ ነው ይባላል፤ ቀልዱን የማያውቅ ሰው ቢያየው ምን ይል ነበር?

ቫዮሊኖቹን ያቀናበረው ራሱ ቡከር ቲ. ነው፤ የተቀዱትም በሜምፊስ፣ በቴሪ ማኒንግ የድምፅ መሐንዲስነት ነው። እዚህ ላይ የባለ ድራሙን ክርክር ልመልስ። ዘፈኗ ሁለት ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ ብቻ ናት። ቫዮሊኖቹ ከመጀመሪያው አይገቡም፤ ከገቡም በኋላ ከድምፁ ጋር አይሽቀዳደሙም። 26 ጊዜ በሚደጋገመው ቦታ አብዛኛው መሣሪያ ገለል ይልለታል። ጥሩ አቀናባሪ ከሚለይባቸው ነገሮች አንዱ መቼ ዝም እንደሚል ማወቁ ነውና፣ ቡከር ቲ. የሠራው አልበም አንድ መሆኑ ለእኔ ክርክሩን አያዳክመውም። በተጨማሪም፣ ግራሃም ናሽ በቀረጻው ላይ ተገኝቶ ከፊቱ ተቀምጦ ምን ያህል ጥሩ እንደሆነ እንደማያውቅ እንደነገረው ዊዘርስ ተናግሯል። ያ ክፍል አንድን ጀማሪ ለማስደንገጥ የሚበቁ ሰዎች የሞሉበት ሆኖ ሳለ ሰውየው ሳይደነግጥ መውጣቱ የፕሮዲዩሰሩ ሥራ ነው።

ጥቁርና ነጭ

እኔ ኪቦርድ ስለምጫወት ስለ «ሊን ኦን ሚ» ጥቂት ልጨምር።

ዊዘርስ የፒያኖ ተማሪ አልነበረም። አንድ የኤሌክትሪክ ፒያኖ ገዝቶ ሲነካካ፣ ጣቶቹን አንድ ጊዜ ካስቀመጠ በኋላ ቅርጻቸውን ሳይቀይር እጁን ብቻ ወደ ላይና ወደ ታች ሲያንሸራትት ያገኘው ዜማ ነው። የመክፈቻውን ኮርዶች ብትጫወቱት ወዲያው ይገባችኋል፤ ከመነሻው ደረጃ በደረጃ እስከ አራተኛው ይወጣል፣ በዚያው መንገድ ይመለሳል። የሙዚቃ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ይህን ይፈራዋል፤ ኮርዶችን እንዲህ ጎን ለጎን መደርደር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንደ ስሕተት የሚታረም ነውና። እሱ ግን የሚያርመው አልነበረውም። ልጅ የሆነ ሁሉ በሁለተኛው ቀን ሊጫወተው የሚችል መሆኑም የዘፈኑ ጉዞ አካል ነው፤ በየቤተ ክርስቲያኑና በየትምህርት ቤቱ የገባው ለዚህ ይመስለኛል።

ባንዱ ምን አደረገ ለሚለው፣ አልነካካውም ነው መልሱ። ሬይ ጃክሰንና ጓደኞቹ ከዚህ በጣም የተወሳሰበ ነገር መጫወት የሚችሉ ሰዎች ናቸው፤ «ዩዝ ሚ» ምስክር ነው። እዚህ ግን መጀመሪያ ላይ ፒያኖውንና ድምፁን ብቻ ትተው ቀስ ብለው ገቡ። መካከል ላይ ዘፈኑ ምቱን የሚቀይርበት፣ ጭብጨባ የሚሰማበት ቦታ አለ፤ ቤዙ እዚያ ሲገባ ዘፈኑ ከጸሎት ወደ ጎረቤታሞች ጨዋታ ይሸጋገራል። በሐምሌ 1972 ለሦስት ሳምንት የአሜሪካ አንደኛ ሆነ። ክለብ ኑቮ የተባለው ቡድን በ1987 እንደገና ሠርቶት ዳግመኛ አንደኛ ወጣ፤ በዚህም ምክንያት ዊዘርስ በ1988 በደራሲነቱ ሌላ ግራሚ ወሰደ። ያን ጊዜ እሱ ከሙዚቃው ዓለም ከወጣ ቆይቶ ነበር።

የሸክላ ወዳጅና ባለ ድራሙ የሚከራከሩበትን ነገር ስመለከት ግን ሁለታችሁም አንድ ነገር የምታደንቁ ይመስለኛል። ሁለቱም ቡድኖች መተው የሚያውቁ ናቸው።

ባለ ድራሙ

ጥቁርና ነጭ፣ ልታስታርቁን የሞከራችሁት በመልካም ነው፤ ግን በመተውና በመተው መካከል ልዩነት አለ። ቡከር ቲ. የተወው ዘፈኑ እንዳይረበሽ ነው። ጋድሰንና ጓደኞቹ የተዉት ግን ቦታውን በኋላ ሊገቡበት ነው። ይህን ለማየት «ላይቭ አት ካርኔጊ ሆል» የሚለውን ድርብ አልበም መስማት ይበቃል፤ ጥቅምት 6 ቀን 1972 በኒው ዮርክ ተቀርጾ በ1973 የወጣ ነው። ከአራቱ ሰዎች በተጨማሪ ቦቢ ሆል የተባለችው የፐርከሽን ተጫዋች ነበረች፤ የመጀመሪያው አልበም ላይም ተጫውታለች። ስሟ ከሚገባው በታች የሚነሣ ሙዚቀኛ ናት።

በዚያ ምሽት «ዩዝ ሚ» ስምንት ደቂቃ አለፈ። ዘፈኑ አልቆ ሕዝቡ ሲጮህ ባንዱ ከቆመበት ያንኑ ምት መልሶ ያነሣዋል፤ ድጋሚው ከመጀመሪያው ይበልጥ የጋለ ነው። የመጨረሻው «ሃርለም» ከ«ኮልድ ባሎኒ» ጋር ተቀጥሎ ከአሥር ደቂቃ በላይ ይሄዳል። በስቱዲዮ የምናውቀው ቁጥብ ሰው እዚህ የለም ማለት ይቻላል። ደግሞም ቀኝ እጁን በቬትናም ጦርነት ስለቆሰለ ወታደር የሚናገረው «አይ ካንት ራይት ሌፍት ሃንዲድ» መጀመሪያ የተሰማው እዚህ ነው። ወታደሩ ለእናቱ ደብዳቤ እንዲጽፉለት ሰው ይለምናል። ዊዘርስ መጀመሪያ ያወራል፤ ከዚያ ሳይታወቅ ንግግሩ ዜማ ይሆናል፤ ባንዱም እስኪዘፍን ድረስ ታግሦ ይጠብቀዋል። ጆን ሌጀንድ ከዘ ሩትስ ጋር በ2010 እንደገና ሲሠሩት ብዙ ወጣቶች አዲስ ዘፈን መስሏቸው ነበር።

ሁለተኛው ገጽ

እስካሁን የተጻፈው ሁሉ ከ1971 እስከ 1973 ያለው ነው፤ ከዚያ በኋላስ? የሰሴክስ ዘመን መጨረሻ የሆነው የ1974 «ጀስትመንትስ» የሚገባውን ትኩረት አላገኘም። ዶሮቲ አሽቢ በገና የምትደረድርበት፣ ሆሴ ፌሊሲያኖም የተሳተፈበት አልበም ነው፤ የመለያየት ሐዘን ያለባቸው ዘፈኖች በዝተውበታል። ከዚያ ሰሴክስ ተዘጋ፤ ዊዘርስም ወደ ኮሎምቢያ ሪከርድስ ሄደ።

በኮሎምቢያ ዘመኑ ያለኝን አስተያየት በግልጽ ልናገር። ትልቅ ኩባንያ ውስጥ ገብቶ የራሱን ባንድ አጣ፤ በየአልበሙም ሙዚቀኞቹ ይቀያየሩ ጀመር። የኩባንያው ዘፈን መራጮች የኤልቪስ ፕሪስሊን ዘፈን እንዲዘፍን ሐሳብ እንዳቀረቡለት እሱ ራሱ በምሬት ተናግሯል። ከ1978ቱ «ባውት ላቭ» በኋላ እስከ 1985 ድረስ አንድም የራሱ አልበም አልወጣም። በጠቅላላው ስምንት የስቱዲዮ አልበም ሠርቶ በዚያው አቆመ። የ1985ቱ «ዋቺንግ ዩ ዋቺንግ ሚ» ብዙ እጅ የገባበት፣ የዘመኑን የኤሌክትሮኒክ ድምፅ የለበሰ ሥራ ነው፤ ደጋግሜ ለመስማት አልቻልኩም።

ነገር ግን ከዚህ ዘመን አንድ ሰው ማንሣት ግድ ነው፤ ስኪፕ ስካርቦሮ። ኧርዝ ዊንድ ኤንድ ፋየር የተባለው ባንድ የተጫወተውን «ካንት ሃይድ ላቭ»ንና ኤልቲዲ የተባለው ባንድ የተጫወተውን «ላቭ ባላድ»ን የጻፈ ዜማ ደራሲ ነው። ከዊዘርስ ጋር በጋራ የጻፉት «ሎቭሊ ዴይ» በ1977 «ሜናጀሪ» አልበም ላይ ወጣ። ዘፈኑ ዊዘርስ ብቻውን የማይደርስበት የኮርድ ውበት አለው፤ የስካርቦሮ እጅ ነው። ዊዘርስ ደግሞ በመጨረሻው ላይ አንዱን ድምፅ 18 ሰከንድ ያህል ሳያቋርጥ ይዞት ይቆያል። በአሜሪካ ፖፕ ዘፈኖች ውስጥ ከተያዙ ረጃጅም ድምፆች አንዱ ተብሎ ይጠቀሳል። የሚያስገርመው ርዝመቱ አይደለም፤ እንዲያውም ብዙ ሰው ስንት ጊዜ ሰምቶት ርዝመቱን አያስተውለውም፤ ምክንያቱም አጃቢዎቹ የዘፈኑን ርዕስ እየደጋገሙ ሥር ሥሩን ስለሚሄዱ ነው። ድምፃዊ ጉልበቱን ሊያሳይ ሲፈልግ ሁሉንም ዝም ያሰኛል፤ እሱ ግን በሌሎች ድምፅ መካከል ደበቀው።

ስንኝ ቆጣሪ

ስለ ትብብር ካነሣን «ጀስት ዘ ቱ ኦፍ አስ» የግድ መምጣት አለበት፤ ዘፈኑ የተሠራበት መንገድም ለዚህ ክር ጥያቄ ተስማሚ ነው። ራልፍ ማክዶናልድና ዊሊያም ሶልተር አብረው የሚጽፉ ሰዎች ናቸው፤ ሮበርታ ፍላክና ዶኒ ሃታዌይ የዘፈኑትን የ1972 «ዌር ኢዝ ዘ ላቭ»ን የሰጡን እነሱ ናቸው። ለሳክስፎን ተጫዋቹ ለግሮቨር ዋሽንግተን አልበም አንድ ዘፈን ይዘው ወደ ዊዘርስ መጡ። አዝማቹ ተጽፎ ነበር። ዊዘርስ በቃላት ጉዳይ ትንሽ ትዕቢተኛ መሆኑን ራሱ ይናገራልና፣ የሌላ ሰው ግጥም እንዳለ ከመዝፈን ይልቅ በቤቶቹ ውስጥ የራሱን እንዲጨምር ጠየቀ።

አዝማቹንና ቤቶቹን ለይታችሁ ብታነቡ የሁለት ሰዎች ጽሕፈት መሆኑ ይታያል። አዝማቹ ማንም ጥንዶች ሊሉት የሚችሉት ቀላል ነገር ነው። ቤቶቹ ግን የጠራ ዝናብ ሲወርድ በማየት ይጀምራሉ፤ ከዚያ በከንቱ የሚፈስ እንባ አበባ አያበቅልም ወደሚል ነገር ይሄዳሉ። ያ የስላብ ፎርኩ ሰው ነው። በ1981 ለሦስት ሳምንት 2ኛ ደረጃ ላይ ቆየ፤ በቀጣዩ ዓመት የግራሚ ሽልማቱን ሦስቱም ደራስያን ተካፈሉት።

የሸክላ ወዳጅ

ስንኝ ቆጣሪ ያሉት ትክክል ነው፤ ነገር ግን ያን ዘፈን በዊዘርስ ሥራዎች ውስጥ መቁጠሩ አጠያያቂ ነው። በ1980 የወጣው «ዋይንላይት» የግሮቨር ዋሽንግተን አልበም ነው፤ ዊዘርስ እንግዳ ነበር። ሙዚቀኞቹ የኒው ዮርክ ስቱዲዮ ምርጦች ናቸው፦ ሪቻርድ ቲ ፒያኖ፣ ስቲቭ ጋድ ድራም፣ ማርከስ ሚለር ቤዝ፣ ኤሪክ ጌል ጊታር ይዘዋል። በረጅሙ ቅጂ ላይ የሚሰማው የብረት ከበሮ የሮበርት ግሪኒጅ ነው። ሁሉም ነገር ለስላሳና የተወለወለ ነው። የ1971ዱ ሰው እዚህ ቢመጣ ጫማውን አውልቆ ይገባ ነበር።

በዚያው ዓመት ክሩሴደርስ ከተባለው ባንድ ጋር የዘፈነው «ሶል ሻዶውስ» ደግሞ ዜማው የጆ ሳምፕል፣ ግጥሙ የዊል ጄኒንግስ ነው። እዚያ ዊዘርስ ድምፁን ብቻ ነው ያበደረው። ያም ሆኖ ሰምቶት የሌላ ሰው ግጥም መሆኑን የሚጠረጥር ያለ አይመስለኝም፤ ለዚህ ክር ጥያቄ ይህ ከሁሉ የከበደ ማስረጃ ሳይሆን አይቀርም፤ ለራሴ አቋም ባይጠቅምም።

አዲስ አድማጭ

እኔ እንደ ጀማሪ ከየትኛው ልጀምር?

ጥቁርና ነጭ

«ስቲል ቢል»ን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሳይቆራርጡ። «ሁ ኢዝ ሂ» የሚለውን ስትደርሱ ፍጥነቱን አስተውሉ፤ ዊዘርስ ከስታንሊ ማክኬኒ ጋር የጻፈው የቅናት ዘፈን ነው፤ ቤዙና ጊታሩ አንድ ሐረግ እየደጋገሙ ጥርጣሬው ከሰውየው አእምሮ እንደማይወጣ ያሳያሉ።

ሁለተኛው ገጽ

ለክርክሩ አንድ ነገር ልጨምር። ዊዘርስ በ1974 በኪንሻሳ፣ የሞሐመድ አሊና የጆርጅ ፎርማን ግጥሚያ ምክንያት በተዘጋጀው የሙዚቃ ድግስ ላይ «ሆፕ ሺል ቢ ሃፒየር»ን ሲዘፍን ተቀርጿል። ያ ድግስ የጄምስ ብራውንና የቢ.ቢ. ኪንግ ነበር፤ ነሐስ የሚጮህበት፣ ልብስ የሚያብረቀርቅበት። እሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጊታሩን ብቻ ይዞ በዝግታ ይዘፍናል። ድራም የለም፤ ቤዝ የለም፤ ቫዮሊን የለም። ቡከር ቲ. የሠራውን ቅጂ አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው የጎደለ ነገር አይታይም። እንግዲህ ድምፁ የባንዱ ነው የምንል ከሆነ፣ ይህን እንዴት እናስረዳዋለን?

ባለ ድራሙ

ቀረጻውን አውቀዋለሁ፤ አንጀት የሚበላ ነው። ነገር ግን የመረጠውን ዘፈን ልብ ይበሉ። ለብቻ የሚቆም፣ ዝግ ያለ፣ ምት የማይጠይቅ ዘፈን መረጠ፤ «ዩዝ ሚ»ን በአንድ ጊታር ለመዝፈን አልሞከረም። በ2015 ወደ ሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ሲገባ ስቲቪ ዎንደር «ኤይንት ኖ ሰንሻይን»ን ዊዘርስን አጠገቡ አስቀምጦ ሲዘፍን፣ «ዩዝ ሚ»ን ጆን ሌጀንድ ከሙሉ ባንድ ጋር ነው የተጫወተው። የመጀመሪያውን ማንም በፒያኖ ሊሸከመው ይችላል፤ ሁለተኛው ግን አራት ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ መልሱ እንደ ዘፈኑ ይለያያል ባይ ነኝ፤ የሸክላ ወዳጅ «ጀስት አዝ አይ ኤም»ን ይውሰዱ፣ እኔ «ስቲል ቢል»ን ይዤ እቀራለሁ። የካርኔጊ ሆሉን «ዩዝ ሚ» ያልሰማ ካለ ግን ጭብጨባው ሲጀምር እንዳያቋርጠው፤ ዋናው ነገር ገና ይመጣል።